ዣንጥላ ያዡ

ባለቤቴ መምህር ሆኖ ጅጅጋ ሲመደብ ከአባቱ የወረሰውን አንድ ጣሳ ፊልምና በእጅ የሚዞር ትንሽ ማሳያ ይዞ መጣ። ፊልሙ የድሮ ነው፤ ድምፅ የለውም። ንጉሡ ከቤተሰባቸው ጋር ሐይቅ ዳር ሲዝናኑ ያሳያል። ለወፎች ዳቦ ይጥላሉ። አንዲት ልዕልት ጀልባ ላይ ልትወጣ ስትል ጫማዋ ይወልቅና አፏን ከፍታ ትስቃለች። ከንጉሡ ኋላ ዣንጥላ ይዞ የቆመው የባለቤቴ አባት ነው። ባለቤቴ ሌላ የአባቱ ምስል የለውም።

በደርግ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ቤት ውስጥ መገኘቱ ያሳስር ነበር። ከአራተኛ ክፍል ባቋርጥም ይህን ለማወቅ ትምህርት አላስፈለገኝም። ጣሳውን ከዱቄት ጆንያ ሥር ደበቅኩት።

ልጃችን ስድስት ዓመት ሲሞላት ግን ባለቤቴ፣ «አያቷን ትወቅ» አለ። ከተማው ለጫት በሩን በሚዘጋበት ሰዓት መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን አንሶላ ሰቀልን።

«አባዬ፣ ሴትዮዋ ስትስቅ ለምን አይሰማም?»

«ያኔ ካሜራው ጆሮ አልነበረውማ።»

በሦስተኛው ቀን ሶማሌዋ ጎረቤቴ መጣች። ባሏ የቀበሌ ዘበኛ ነው።

«አባዮ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ልጅሽ መጥረጊያ እንደ ዣንጥላ ይዛ ፍየሌን አንግሣታለች። ‹ንጉሡ እንዲህ ነው የሚሄዱት፣ አይቻለሁ› ትላለች።»

«የልጅ ነገር...»

«ፍየሏስ ሹመቱን ወዳዋለች!» ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሌሎችም ሰምተዋል። ነገ ጠዋት ቤታችሁ ይፈተሻል።»

ባለቤቴ ትምህርት ቤት ነበር። አማቴን ብቻ ቆርጬ ላስቀር ብዬ መቀስ አነሣሁ፤ ፊልሙን ወደ ብርሃን ይዤ ፈለግሁ። የትም ቦታ ዣንጥላው ከንጉሡ ራስ በላይ ነው፣ የያዘው ክንድ ከትከሻቸው አይርቅም። አንዱን ከሌላው መለየት አቃተኝ። እንዳላቃጥለው ሽታው ሰው ይጠራል። በፈላ ውሃና በበረኪና ዘፈዘፍኩት። ምስሉ እየተላጠ ውሃው ጠቆረ።

ባለቤቴ ሲመለስ ሳፋው ውስጥ የቀረውን ጥርት ያለ ፕላስቲክ አየ።

«ዣንጥላውንም?»

«እሱንም።»

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። ማሳያውንና ፕላስቲኩን ሽንት ቤት ጉድጓድ ጣልን።

በማግስቱ ፈታሾቹ ጆንያውን ገለበጡ። ጣሳው ውስጥ ማታ የሞላሁትን ምስር አገኙ። ወጥተው ሲሄዱ ባለቤቴ ከኪሱ ከፊልሙ አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ አውጥቶ ወደ መስኮቱ ያዘ። መደበቁን አላወቅሁም ነበር። ልጄ ተጠጋችው።

«ምን ይታያል?»

«ግቢያችን» አላት።