ለጎደሬ የቀረ ጉዞ

አያቴ ካረፈች ዓመት ሞላት፤ የእኔ ንዴት ግን አልበረደም።

ጎደሬ ስትወድ ለጉድ ነበር። የተቀቀለውን በቅቤና በሚጥሚጣ ለውሳ ስትጎርስ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ያን ጊዜ ቢጠሯትም አትሰማም። ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅባት ነበር፤ እኔም እስቅ ነበር።

አምና ሆዷን ሲያማት አርባ ምንጭ ሆስፒታል ውሰዷት ተባልን። ከጂንካ የሚወጣ መኪና ብርቅ ስለነበር አንዱን የጭነት መኪና ሾፌር ሦስት ቀን ለምኜ ጋቢና ውስጥ ቦታ አገኘሁላት። መኪናው በራችን ላይ ቆሞ ጥሩንባ ሲነፋ እሷ ምድጃው ሥር ቁጭ ብላለች።

«እማዬ፣ ተነሺ እንጂ!»

«ጎደሬዬ ሳይበስል ወዴት ነው የምሄደው? ይጠብቀኛ!»

ሾፌሩ ትቶን ሄደ። እሷ ጎደሬዋን አጣጥማ በላች። በማግስቱ ዝናቡ መንገዱን ዘጋው፤ ሌላ መኪና ስንጠብቅ ሕመሙ ጠናባት።

«መኪናው ስላመለጠሽ አይቆጭሽም?» ብዬ ጮኽኩባት።

«አርባ ምንጭ ማን ጎደሬ ይቀቅልልኝ ነበር?» አለችኝ ፈገግ ብላ።

በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ። ስመለስ አፏ ተይዞ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ሐኪም ያድናት እንደነበር አላውቅም። ዛሬም ባዶ መደቧ ላይ ተቀምጬ እቆጣታለሁ፤ የሚመልስልኝ የለም።