በመርፌ ቆርቆሮዬ ውስጥ ያለችው የመኪና ዕቃ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ፣ ለቡ መብራት ኃይል ባለው ቤታችን ነው። መርፌና ክር የማስቀምጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። እስካሁን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም አላወራሁትም። አሁን የምጽፈውም ባለቤቴ ስለፈቀደ ነው፤ ሲፈቅድ ግን ምን እንደምጽፍ አልጠየቀኝም።

ባለቤቴ ጌታነህ ሠላሳ አራት ዓመት ሾፌር ነበር። መጀመሪያ የመሥሪያ ቤት መኪና፣ በኋላ የራሱን ፒካፕ ነዳ። ፒካፗ ከልጃችን ከሰናይት በዕድሜ ትበልጣለች። ይህን ቤት ስንሠራ አሸዋውንም ድንጋዩንም ያመላለሰችው እሷ ናት። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ግቢ ገብታ ቆመች፤ ከዚያ አልተነሳችም። ሸራ አለበሳት። ዶሮዎቼ ጋቢናው ውስጥ እንቁላል መጣል ጀመሩ።

ለምን እንደማትሠራ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነበር። «ካርቡራተሯ ሞቷል። የእሷ ዓይነት ካርቡራተር ደግሞ አገር ውስጥ የለም።»

ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ጡረተኛው አቶ ሙላት ይህን መልስ በቃላቸው ያውቁታል። በበራችን ሲያልፉ «ጌታነህ፣ መኪናህ ዛሬ ስንት ጣለች?» ይሉታል።

«ሦስት። ላንተ የሚተርፍ ግን የለም» ይላቸዋል።

መኪናዋ ከቆመች በኋላ ቀስ በቀስ ባለቤቴም ቆመ። ዕድር ስብሰባ መሄድ ተወ። ሚኒባስ አይሳፈርም፤ «ሾፌር ሰው ኋላ አይቀመጥም» ይላል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከእኔ ጋር ካልሆነ አይሄድም። ቀኑን በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያሳልፋል።

አንድ ጥሩ ነገር ብቻ ነበር። ጋዜጣ ሲመጣ «አንቺ አንብቢልኝ፤ አነባበብሽ ደስ ይለኛል» ማለት ጀመረ። በአርባ ሁለት ዓመት ትዳር ድምፄን አመስግኖ አያውቅም። ፍቅር በስተርጅና መጣ ብዬ ጎላ አድርጌ አነብለት ነበር።

ፒካፗ ብትነሳ እሱም ይነሳል ብዬ አሰብኩ። ሰናይት በገንዘቡ ላግዝሽ አለችኝ። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ጋራዥ ያለውን ሽኩርን አነጋገርኩት። ሽኩር የአርባ ዓመት ሰው ነው፤ አፉ ቀልደኛ ነው፣ እጁ ግን ቀልድ አያውቅም። ቤት መጥቶ ሸራውን ገለጠ፣ ዶሮዋን በትህትና አስወርዶ ሞተሩን አየ።

«እማማ አስካለ፣ ይቺ አልሞተችም። አኩርፋ ነው» አለኝ።

ካርቡራተሩን በሁለተኛው ሳምንት ከመርካቶ አገኘው። ለባለቤቴ ስነግረው ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን «ካርቡራተሩ ብቻ መች ሆነ» አለ። «የፊት መስታወቷ ተጭሯል። ጉም ውስጥ የምነዳ ነው የሚመስለኝ።»

መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ገባች፤ የፊት መስታወቷ ተቀየረ። «ስፖኪዮዋ ትንሽ ናት፤ ከኋላ የሚመጣው አይታይም» አለ። ሽኩር ከተጣለ አውቶቡስ ላይ ሁለት ትልልቅ የጎን መስታወቶች ፈትቶ ገጠመላት። «መብራቷ ደካማ ነው» አለ። ፊቷ ላይ አራት መብራት ተተከለ። «የፍጥነቱ ቁጥር ደቃቅ ነው» አለ። ሽኩር ቁጥሮቹን በነጭ ቀለም አጉልቶ ጻፈለት።

ሌላ ሴት ብትሆን የሚያማርረው ሁሉ ስለማየት መሆኑን ታስተውል ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት በሂሳብ ደካማ ሆኜ ነው። አልደመርኩትም።

አንድ ጊዜ ብቻ የጉልበቱን ሕመም አነሳ። በበሯ ሥር መወጣጫ ተበየደላት። የጭነቱ ቦታ ላይ ሁለት አግዳሚ ወንበርና የሸራ ጣሪያ እንዲሠራ ያዘዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ የሰፈር ልጆች ይቀመጡበት ብዬ። ቀለሙን ባለቤቴ ራሱ መረጠ። ሽኩር የቀለሞቹን ናሙና ሲያቀርብለት ብዙም ሳያስብ ጣቱን አንዱ ላይ አሳረፈ። ደማቅ ብርቱካናማ ነበር። ገረመኝ፤ ግራጫ የሚወድ ሰው ነው።

«ጋሼ የሚፈልጉት መኪና ነው ወይስ አውሮፕላን?» አለኝ ሽኩር።

በሦስተኛው ወር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሽኩር ራሱ እየነዳ ግቢ አስገባት። የሰፈሩ ሰው ወጣ። አቶ ሙላት በከዘራቸው ጎማዋን ነካ ነካ እያደረጉ ዞሯት።

«ይሄ መኪና ነው የሰርግ ድንኳን?»

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ታየዋለህ» አለ ባለቤቴ። «ትመረቅና ልጆቹን እስከ ሀይሌ ጋርመንት አዞራቸዋለሁ።»

ይህን በአቶ ሙላት ፊት ተናገረ። በአቶ ሙላት ፊት የተባለ ነገር ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም።

ሰዉ ከሄደ በኋላ ሽኩር የመኪናዋን የዓመታዊ ምርመራ ወረቀት ሰጠው። ባለቤቴ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ከላይ እስከ ታች እየተመለከተ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ሁሉም ትክክል ነው» አለ።

ወረቀቱን የያዘው ገልብጦ ነበር። ማኅተሙ ከላይ፣ ርዕሱ ከታች ነው። ሽኩር እኔን አየኝ። እኔ መሬት አየሁ።

ያኔ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣልኝ። ጉሙ፣ ስፖኪዮው፣ መብራቱ፣ ብርቱካናማው ቀለም። ሰው ድምፁን ካላሰማ በስሙ የማይጠራው። ሚኒባስ የማይሳፈረው። ጋዜጣው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም፤ ንዴት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን እያሳመርኩ አንብቤአለሁ።

ንዴቱ ሲበርድ ልጆቹ ትዝ አሉኝ። ነገ ስድስት ሰባት ልጆች እኔ ባሠራሁት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ መሪውን የሚይዘው ማኅተምን ከርዕስ የማይለይ ሰው ነው። ንገሪው ይላል አንድ ልቤ። ግን ይህን ያህል ዓመት የደበቀውን ነገር ፊት ለፊት ብነግረው፣ እልህ ይዞት ይነዳል። ለሰናይት ብነግራት እያለቀሰች ትመጣለች፤ ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ሳይነካ የነዳ ሾፌር፣ በአቶ ሙላት አፍ ዕውር ሊባል ነው።

ጠዋት እሱ ፊቱን ሲታጠብ ወጥቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። ከሞተሩ ውስጥ አንዲት አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ዕቃ አውቃለሁ፤ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የምታከፋፍለው ናት። እሷ ከሌለች መኪናው ቢያጓራም አይነሳም። ባለቤቴ ድሮ ክፍለ አገር ሲያድር፣ ሌባ መኪናዋን አስነስቶ እንዳይሄድ ነቅሎ ኪሱ ይከታት ነበር። ሱሪውን ሳጥብ ስንት ጊዜ አግኝቻታለሁ። አንድ ጊዜ ታሞ በተኛ ጊዜ አወጣጧን ያሳየኝም ራሱ ነው። ነቀልኳት፤ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኳት።

«አትመጣም?» አልኩት ለቤተ ክርስቲያን ስወጣ።

«ጉልበቴ ዛሬ ከበደኝ። ለኋላው ልቆጥበው» አለ።

ብቻዬን ሄድኩ። የሰረቅኩትን ዕቃ በነጠላዬ ቋጥሬ አስቀደስኩ። ስለዚህ ጉዳይ እግዚአብሔርን ምን ብዬ እንደምለምነው ስላላወቅኩ፣ እንደወትሮው ስለ ዝናቡና ስለ ልጆቹ ለመንኩ።

ከቅዳሴ ስመለስ ግቢያችን ሞልቷል። ድፎው ተቆርሷል። ልጆቹ ወንበሩን ይዘው ጨርሰዋል፤ ሰባት ናቸው። በዕድሜ የሚበልጡት አቶ ሙላት ስለሆኑ መረቁ። «የምትሄድ መኪና ያድርግልህ» አሉ። «ዶሮ የማያድርባት ያድርግልህ።» ሁላችንም አሜን አልን።

ባለቤቴ በመወጣጫው ወጥቶ ተቀመጠ። የአውቶቡሱን ስፖኪዮ አስተካከለ፤ ወደ ቀኝ ትንሽ፣ መልሶ ወደ ግራ ትንሽ። ቁልፉን አዞረ።

ምንም የለም።

እንደማትነሳ አውቃለሁ፤ ግን ማጓራት ነበረባት። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እንኳ አልዞረም። እንደ ድንጋይ ዝም አለች። ሌላ ምን ነካሁ ብዬ አሰብኩ።

ሦስት ጊዜ አዞረው፤ ሦስቱንም ዝም።

«እንቁላሏን ሳትጥል አትነሳ ይሆናል፤ ታገሷት» አሉ አቶ ሙላት። ሰዉ ሳቀ። ልጆቹ እያጉረመረሙ ወረዱ።

ባለቤቴ ከጋቢናው ሲወርድ አሥር ዓመት የቀለለው ይመስል ነበር። «አላልኳችሁም? የዘንድሮ መካኒክ ቀለም መቀባት እንጂ ሞተር የት ያውቃል» አለ። ሁለት ቁራሽ ድፎ በላ። እኔ ግን መብላት አልቻልኩም። ሦስት ወር የለፋ ሰው ስም በግቢዬ ውስጥ በእኔ እጅ ጠፋ።

ሰኞ ጠዋት ሀይሌ ጋርመንት ሄጄ ለሽኩር ሁሉንም ነገርኩት። ዕቃዋን ከቋጠሮዬ ፈትቼ አሳየሁት። አልተቆጣም። አብሮኝ መጣ። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ነበር። ሽኩር ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት ጎንበስ ካለ በኋላ በምልክት ጠራኝ።

«እማማ፣ የእርስዎን አውቄዋለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄንንስ?»

የባትሪው ገመድ ከባትሪው ወልቋል። ጫፉ እንዳይነካካ በጨርቅ ተጠቅልሎ ታስሯል።

«እኔ ባትሪ አልነካሁም» አልኩት።

ጨርቁን ፈታው። የወንድ መሐረብ ነው። ጠርዙን ለባለቤቴ የሰፋሁለት እኔ ነኝ።

ሽኩር መወጣጫው ላይ ተቀምጦ ድምፅ ሳያሰማ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ እንባውን ጠረገና «እሺ፣ የእኔን ስም ማን ያጥብልኝ?» አለኝ። ቀልዱን አልነበረም።

ገመዱን መለሰ፤ በእኔዋ ዕቃ ቦታ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሌላ አስገባ። «ያቺን ያስቀምጧት» አለኝ። ሞተሩን አስነሳ። በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ሽኩር ሄዶ አጠገቡ ቆመ። «ጋሼ፣ ገመድ ወልቆ ነው። ሌላ ምንም የላትም» አለው። «አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። መንጃ ፈቃድዎ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ለማደስ የዓይን ምርመራ ወረቀት ይጠይቃሉ። ሁሉንም ሰው ነው የሚጠይቁት፤ ደንብ ነው።»

ባለቤቴ ፊቱን ወደ ፒካፗ አዞረ።

«ደንብ ከሆነ ምን ይደረጋል» አለ በመጨረሻ። «እንታይ።»

ለዓይኑ ብሎ የማይሄድ ሰው ለደንብ ብሎ ሄደ። በሁለቱም ዓይኑ ሞራ ነበር። መጀመሪያ አንዱ፣ ከሁለት ወር በኋላ ሌላው ተገፈፈ። የመጀመሪያው ፋሻ በተነሳ ዕለት ቤት ገብቶ ትኩር ብሎ አየኝ።

«ፀጉርሽ ሸበተ እንዴ?»

«ስድስት ዓመቱ ነው» አልኩት።

ወደ ግቢ ወጣና ፒካፗን አየ። «ይሄን ቀለም ማነው የመረጠው?»

«አንተ።»

አልተከራከረም። በዚያው ቀን መንገዱን ተሻግሮ የአቶ ሙላትን በር አንኳኳ። በር ላይ ቆሜ ሰማሁት። «የዚያን ዕለት የባትሪ ገመድ ነበር። ሽኩር ጥፋት የለበትም፤ ለሰዉ ንገርልኝ» አላቸው። አቶ ሙላት ነገሩ፤ እሳቸው ከነገሩ ለቡ ሁሉ ሰማ። አሁን መንጃ ፈቃዱ ታድሷል። ቀን ቀን፣ ቀስ ብሎ፣ እስከ ሀይሌ ጋርመንት ይነዳል። ስፖኪዮዎቹ በዝተዋል እያለ ያማርራል።

ባለፈው ወር የሸሚዙ ቁልፍ ተበጥሶ ነበር። እኔ እሰፋዋለሁ ስለው «መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እችላለሁ፤ እዪኝ» አለና ቆርቆሮዬን ከፈተ። ከክሮቹ ሥር ጥቁሯን ዕቃ አወጣ። ብርሃን ላይ አዙሮ አዙሮ አያት።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«እንጃ። መንገድ ላይ አግኝቼ ነው» አልኩት።

ሠላሳ አራት ዓመት የነዳ ሾፌር እንደገና አያት።

«እኔም አላውቃትም» አለ። ከክሮቹ ሥር መልሶ አስቀመጣት፤ ክዳኑን ገጠመ።

ከዚያ ጋዜጣውን አምጥቶ ጭኔ ላይ አደረገና ሐኪም ያዘዘለትን መነጽር ኪሱ ከተተ።

«አንብቢልኝ።»

«አሁን ታይ የለም እንዴ?»

«አያለሁ» አለ።

ተቆጥቼበት አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አልተቆጣሁም። ስለ ድምፄ የተናገረው እውነት ይሁን አይሁን አሁንም አላውቅም። የማነበው ግን ጎላ አድርጌ ነው።