ቅድመ አያቴን ከወንድሜ እኩል ያሰለፈው አፕ

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት... ከሚሴ እኛ ቤት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ወንድሜ ጀማል የጨፋ ሮቢት ልጅ ወዶ፣ የእሷ ወገኖች ዘር ሊቆጥሩ መጥተው ነው። ሸሪዓው የአጎት ልጅ ማግባት ባይከለክልም፣ የኛ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ ስለ ኒካህ መስማት አይፈልጉም።

እኔ ምንም አልጨነቀኝም። የዘራችን ቆጠራ ስልኬ ውስጥ አለ። ባቲ ያሉት አክስታችን ዘሀራ ረመዳኑን ሙሉ በስልክ እየቆጠሩልኝ፣ ልጅን ከአባቱ ስር ገባ አድርጌ፣ የልጅ ልጅን ከዚያም ገባ አድርጌ የጻፍኩት ነው። ሲያዩት ደስ ይል ነበር።

ነበር ነው ያልኩት። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት የማስታወሻ አፑ መንቀራፈፍ ሲያበዛብኝ፣ ጽሑፉን ወደ ሌላ አፕ አዛወርኩት። «በተሳካ ሁኔታ ተዛውሯል» አለኝ፣ በአረንጓዴ። አመንኩትና አሮጌውን አጠፋሁት።

የልጅቷ ወገን ሽማግሌ ሼህ እንድሪስ የእነሱን ዘር መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ በቃላቸው ቆጥረው ጨረሱ። ተራው የኛ ሆነ። አጎቴ ሰይድ ስልክሽን ይዘሽ ነይ ብለው ከጓዳ ጠሩኝ።

ከፈትኩት... ያ ረቢ! ገባ ያለ የለ፣ ወጣ ያለ የለ። ቅድመ አያቴ፣ አባቴ፣ አጎቴ፣ ጀማል... ሁሉም ለሶላት እንደቆመ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈዋል። በየስሙ ፊት እኔ ያላስቀመጥኩት ሰረዝ ተደንቅሯል፣ አንዳንዱ ጋ እንዲያውም ሁለት። የማን አባት ማን እንደሆነ ቢገርፉኝ አላውቅም።

አጎቴ ስልኩን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። በዚህ ከሄድን እኔ የገዛ አያቴ ወንድም ነኝ አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሼህ እንድሪስ ግን ረጋ ብለው፣

«ልጄ፣ ስልክሽ አልዋሸም። ሁላችንም የአደም ልጆች ነን። ግን በዚህ አቆጣጠር ማንም ማንንም አያገባም» አሉኝ።

አባትና ልጁ ተለይቶ እስኪመጣ ድረስ የኒካህ ቀን አይቆረጥም ብለው ተነሱ። ጀማል ያን ዕለት ያየኝን አስተያየት ጠላቴም አያየኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ስም መግፋት ሆነ። በጣቴ፣ አንድ በአንድ፣ ወደ ቀኝ። አባቱን ስገፋው ልጆቹ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። መልሼ ስጎትተው ደግሞ የሰው ልጆች አስከትሎ ይመጣል። የማን ልጅ እንደሆነ የጠፋብኝ ሲበዛ አክስቴ ዘሀራ ጋ ደወልኩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በጾም አፌ የቆጠርኩልሽን የት አደረግሽው?»

ምን ልበላቸው? አፕ በላው ልበል? ደግነቱ ጀመሩልኝ፣ በየሦስት ስሙ አፑን እየረገሙ። እኔም ከልቤ አሚን እላለሁ። በሕይወቱ ብርጭቆ አጥቦ የማያውቀው ጀማል ሻይ ያቀርብልኝ ጀመር።

ትናንት ጨረስኩት። አባት ከላይ፣ ልጅ ከስር። አጎቴ ያን ዕለት ጽፈው ከያዙት ከሼህ እንድሪስ ቆጠራ ጋር ሳስተያየው በሰባት ቤት ውስጥ የሚያገናኛቸው አንድም ስም የለም። አልሐምዱሊላህ! እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። ጀማል ግንባሬን ሳመኝ።

አጎቴ ሰይድ ጨፋ ሮቢት ሼህ እንድሪስ ቤት ተቀምጠው መልእክቴን እየጠበቁ ነበር። ሙሉውን ኮፒ አድርጌ በቴሌግራም ላክሁላቸውና፣ ሰርጉ ላይ የምለብሰውን ልብስ ማሰብ ጀመርኩ።

ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ናቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል።

«ሰዓዳ... ስሞቹ እንደገና ትከሻ ለትከሻ ቆመው ነው የደረሱን። አደም ጋ ተመልሰናል።»