አየር የተነፈገው ሳጥን

ስለ እሱ ስናገር «አንቱ» አልልም። ሦስት ዓመት ሙሉ በፈረንጅ አፍ «ሙሴ»፣ ጌታዬ፣ ስለው ኖሬያለሁ፤ ይበቃዋል።

ጅቡቲ ከተማ፣ ሆዳን በሚባል ሰፈር ባለ የፈረንጆች ቤት ነበር የምሠራው። አበስላለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ አጸዳለሁ፣ እዚያው አድራለሁ። ጅቡቲ ከመምጣቴ በፊት ግን ቢሾፍቱ አንድ ጫጩት ማስፈልፈያ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ማሽኖቹን መጠበቅ ነበር፤ ሙቀቱን ማንበብ፣ የአየር ማስገቢያውን መክፈትና መዝጋት፣ አየሩን የሚያዘዋውረው ቬንትሌተር ቀጥ ሲል ሮጦ ጥገና መጥራት። ባቡሩ ናጋድ ጣቢያ ሲያወርደኝ ያ ሁሉ እውቀት ለማንም የማይፈይድ ሆነ። የሙሴ ሚስት ማዳም የጠየቀችኝ ሸሚዝ መተኮስ እችል እንደሆነ ብቻ ነው።

ግቢው ውስጥ አንዲት ትልቅ ኤሊ ነበረች። አንድ ወዳጁ ከበረሃ አምጥቶ ነው ለሙሴ የሰጠው። ቀኑን ሙሉ አጥሩን እየታከከች ትዞራለች፤ መውጫ የምትፈልግ ይመስለኝ ነበር። ሙቀቱ ሻል ባለበት ወቅት አንድ ቀን በኋላ እግሮቿ ጉድጓድ ቆፍራ እንቁላል ጣለች። ነጫጭ፣ ክብ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ የሚያክሉ አሥራ ስድስት እንቁላሎች። ሙሴ እንደ ሕፃን ፈነደቀና ቆፍሮ አወጣቸው።

ዘበኛችን አማርኛን ከእኛ አገር የከባድ መኪና ሾፌሮች የለመዱ የአፋር ሽማግሌ ናቸው። «መልሳ ከድናው ነበር እኮ፤ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል?» ብለው ለኔ አጉረመረሙ። ለሱ ማን ደፍሮ ይንገረው?

ሙሴ ዓሣ በበረዶ የሚመላለስበትን ነጭ የፎም ሳጥን አመጣ። አንዱ ግድግዳ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ስስ ምንጣፍ ለጠፈ፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ከነቴርሞሜትሩ ማዶ ጥግ ላይ ሰቀለ፤ እርጥብ አሸዋ አነጠፈና እንቁላሎቹን ደረደረ። ክዳኑ ላይ ማያ መስታወት ገጥሞ ዙሪያውን በፕላስተር ግጥም አድርጎ አሸገው። አንዲት ቀዳዳ እንኳን አልተወለትም። ከዚያ ሳጥኑን ቢሮው አስገብቶ እዚህ ክሊም የሚሉትን ማቀዝቀዣ ለቀቀበት። ይታያችሁ! ከተማው ራሱ እሳት ነው፤ ሰውዬው ግን ክፍሉን በኤሌክትሪክ ያቀዘቅዛል፣ ሳጥኑን መልሶ በኤሌክትሪክ ያሞቃል።

በሳምንቱ አቧራ ስጠርግ መስታወቱ ከውስጥ አልቦት አየሁት። ውሃው እንቁላሎቹ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሙሴ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ሙሴ፣ ይኼ ሳጥን አየር የለውም» አልኩት በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ። «ውስጥ ያለው ፅንስ እኮ ይተነፍሳል። ከሥርም ከላይም ይበሱለት። ደግሞ ቴርሞስታቱ ማዶ ሆኖ ሙቀቱ እስኪደርሰው ድረስ ማሞቂያው አጠገብ ያሉት ይቀቀላሉ። ሙቀቱን የሚያዘዋውር ትንሽ ቬንትሌተር ይፈልጋል።»

«ቴርሞሜትሩ ሠላሳ አንድ ነው የሚለው።»

«እሱ ያለበት ጥግ ሠላሳ አንድ ነው። እዚህ ጋ እጅዎን ቢያስገቡ…»

ሳቀብኝ። «ይኼ ዶሮ አይደለም። አንቺ አቧራሽን ጥረጊ። እንቁላሎቹን ደግሞ እንዳታገላብጪ፤ ከተገለበጡ ይሞታሉ።»

ስለ ማገላበጡ እውነቱን ነበር። የዶሮን እንቁላል በየጊዜው ካላዞሩት ፅንሱ ይጣበቃል፤ የኤሊን ካዞሩት ይሞታል። ይህን ከሱ ተማርኩ፤ አልክድም። እኔ ከሱ ስማር ምንም ያልሆንኩትን፣ እሱ ከኔ መማርን ምነው እንደ ውርደት ቆጠረው?

ሁለት ወር እንዳለፈ ቢሮው መሽተት ጀመረ። ሙሴ ክዳኑን ሲከፍት ማሞቂያው ጋ ያሉት እንቁላሎች ተሰንጥቀዋል፤ የቀሩት ሻጋታ ወርሷቸዋል። አንዱን ሰበረው፤ ውስጡ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ኤሊ ሞታ ነበር። ወደ ሳሎን ወጥቶ በማዳም ፊት ጣቱን ቀሰረብኝ።

«አንቺ ነሽ የገደልሻቸው። ስታጸጂ ከፍተሽዋል።»

«እኔ አልከፈትኩም። ፕላስተሩ ራሱ ይመሰክራል፣ እርስዎ እስኪልጡት አልተነካም…»

«ይበቃል» አለች ማዳም። «ይቅርታ ጠይቂውና ነገሩ ይለቅ።»

ይቅርታ ጠየቅኩ። እስከ ዛሬ ደሜን የሚያፈላው ይኼ ነው። እሱ መዋሸቱ አይደለም፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ «ፓርዶን ሙሴ» ማለቴ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት የሌለበት ሰላጣ እየከተፍኩ አለቀስኩ።

ሚያዝያ ላይ ኤሊዋ ዳግመኛ ጣለች፤ አሥራ አራት። ያው ሳጥን ታጠበ፣ ያው ማሞቂያ ተለጠፈ፣ ያው ፕላስተር ዞረበት። ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤተሰቡ ለእረፍት ወደ አገሩ ሄደ። ሙሴ ከመሄዱ በፊት ክዳኑ ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ለጠፈ፦ «አትክፈቺ። አትንኪ።» በቃልም ደገመልኝ። «ከሞቱ ማን እንደገደላቸው አውቃለሁ።»

ሐምሌ ገባና በየዓመቱ የሚመጣው ትኩስ የበረሃ ነፋስ ተነሣ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። ክሊሙ ቆመ፤ መስኮቱ የማይከፈተው ቢሮ ምድጃ ሆነ። ቆየት ሲልም ማሞቂያው እንኳ ሳይሠራ ሳጥኑ ውስጥ ሠላሳ ሰባት ደረሰ። ለሙሴ ደወልኩ፤ አያነሳም። ለማዳም ጻፍኩ። መልሷ አጭር ነበር፦ «እረፍት ላይ ነን። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን አድርጊ።»

ወረቀቱን አየሁት። ከዚያ ገንጥዬ ጨመደድኩት።

«አባባ!» ብዬ ተጣራሁ። ዘበኛው መጡ። ሳጥኑን ሳናንገጫግጭ፣ እንደ ታመመ ሰው ተሸክመን ከወጥ ቤቱ ጀርባ ወዳለው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ወሰድነው። ፀሐይ የማይደርስበት፣ ውሃ ሲረጭበት የሚቀዘቅዝ የሲሚንቶ ወለል ነው። ፕላስተሩን ላጥኩ። የእያንዳንዱን እንቁላል አናት በእርሳስ ምልክት አደረግኩ፤ ሳላዞር አንድ በአንድ በጭልፋ እያነሳሁ እርጥብ ጨርቅ ያነጠፍኩበት ትሪ ላይ አሳረፍኳቸው። ከዚያ ቢላዋ በጋዝ አግዬ ሳጥኑን በሳሁት፤ በአንድ በኩል ከሥር ሦስት፣ በሌላው በኩል ከላይ ሦስት። ቀዝቃዛው አየር ከታች ይገባል፣ የሞቀው ከላይ ይወጣል። ማሞቂያውን ነቅዬ ጣልኩት። እንቁላሎቹን መልሼ በግድግዳዎቹ ጥግ ውሃ የሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ደረደርኩ፤ ውሃ ሙቀትን ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ቀስ ብሎ ይለቃል፤ ሳጥኑ ድንገት እንዳይግል እንዳይበርድ ያደርጋል።

በማግስቱ አባባ ቡላኦስ ሰፈር ወርደው ከተሰበረ ኮምፒውተር የወጣች ትንሽ ቬንትሌተር ይዘውልኝ መጡ። መብራት ሲኖር ትዞራለች፤ ነፋሱ አሸዋውን እንዳያደርቀው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞርኳት። ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት ላይ ረጋ። መስታወቱ ማላቡን ተወ።

በሥራዬ መሐል በቀን አሥር ጊዜ እየሄድኩ ሙቀቱን አነባለሁ። እየተናደድኩ ነበር የማነበው። «ቢሞቱ ምን ይለኛል?» እያልኩ፣ «ቢፈለፈሉስ ምን ይለኛል?» እያልኩ።

ነሐሴ መግቢያ ላይ የመጀመሪያዋ ቅርፊቷን በሳች። አፍንጫዋን አውጥታ ቀኑን ሙሉ ዝም አለች። ላግዛት እጄን ስዘረጋ አባባ ክንዴን ያዙኝ።

«ተያት ልጄ። ጉልበት እያጠራቀመች ነው።»

በማግስቱ ወጣች። በሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ወጡ፤ ሦስቱ ቀሩ። ፎቶ አንስቼ ለሙሴ ላክሁለት። ያኔ ወዲያው መለሰ፦ «ብራቮ! ሳጥኔ ሠራ!»

ሳጥኔ።

በተመለሱ በሁለተኛው ሳምንት ሙሴ እንግዶች ጠራ። በረንዳው ላይ ሳጥኑን በእጁ ይዞ ያስረዳቸዋል፤ እኔ መጠጥ በትሪ ይዤ ከጀርባው ነኝ። «ምስጢሩ የአየር ዝውውሩ ነው» ይላል። «ከታች ይገባል፣ ከላይ ይወጣል። የመጀመሪያውን ጊዜ ሠራተኛዋ እየከፈተች ፈጀቻቸው፤ አሁን ግን…»

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ቀዳዳዎቹን የበሳሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ፈረንሳይኛዬ ያን ቀን አልተሰበረም። «የመጀመሪያዎቹን የገደላቸው ይኼ ሰው ነው። ነግሬዋለሁ፤ ሳቀብኝ።»

ማዳም «በረዶ አምጪልን» አለች፤ ምንም እንዳልሰማች። አላመጣሁም።

ጠዋት ቢሮው ጠራኝ። «በእንግዶቼ ፊት አዋረድሽኝ።»

«እርስዎስ በሚስትዎ ፊት ምን አደረጉኝ? ያኔ የጠየቅኩትን ይቅርታ መልሱልኝ።»

«የእንቁላል ነገር ነው እኮ፤ ይረሳ በቃ።»

«እኔ አልረሳውም» አልኩና ልብሴን ልሸክፍ ሄድኩ። አባባ በሩን ከፍተውልኝ ሻንጣዬን እስከ ሚኒባሱ ተሸከሙልኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ያገሬ ሴት ለሾፌሮች ምሳ የምታቀርብበት ቤት ሥራ አገኘሁ። ሙሴ ግልገል ኤሊዎቹን ለወዳጆቹ በስጦታ እንዳደላቸው የሰማሁት እዚያ ሆኜ ነው።

ባለፈው ወር አባባ ደወሉ።

«እንደገና ጣለች፤ አሥራ ሁለት። አዲስ ሳጥን ገዝቷል። ቀዳዳው የት የት እንደሚሆን ጠይቅልኝ ብሎኛል።»

«እጅ አለው፣ ስልክ አለው። ራሱ ይደውል» ብዬ ዘጋሁት።

ሥራ ግን አልያዝልሽ አለኝ። ያቺ በጥፍር ልክ የሞተች ኤሊ ዓይኔ ላይ መጣች፤ እሷ ምን አደረገች? ገና ምሳ ሳይቀርብ መልሼ ደወልኩ።

«አባባ፣ ሦስት ከሥር፣ ሦስት ማዶ ከላይ። ማሞቂያውን ያርቀው። የውሃ ጠርሙሶቹን አይርሳ። ከማን እንደሰሙት ደግሞ ስሜን ጠርተው ይንገሩት።»

ነገሩት። በሳው አሉ፣ እንዳልኩት አድርጎ። እኔ ጋ ግን እስካሁን አልደወለም።