ጥለቱ አንገቴ ሥር
ባሕር ማዶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር ስንኖር፣ አንቲ የምላቸው ህንዳዊት ጎረቤታችን ልጃቸውን ሲድሩ ከሳሪዎቻቸው አንዱን አዋሱኝ። በእጅ የተሸመነ ነው፤ ሐርና ጥጥ ተቀላቅሎበት እንደ ነጠላ ይቀላል፤ ዳርና ዳሩ ወርቃማ ጥለት አለው። እናታቸው ለእሳቸው ሰርግ ያሸመኑላቸው ነበር።

ሳሎናቸው አቁመው ሲያለብሱኝ ጥለቱን በትከሻዬ አሳልፈው አንገቴ ሥር አዋሉት። ደነገጥኩ። እኛ ነጠላችንን ጥለቱን ወደ አንገት አድርገን የምንለብሰው ሐዘን ሲደርስብን ነው። እንዳልናገር አፈርኩ፤ ዝም እንዳልል ለሙሽራዋ ገዱ እንዳይከፋ ፈራሁ። በመጨረሻ ነገርኳቸው።

"ፊትሽ የጠቆረው ለዚህ ነው? እኔ ደግሞ ሳሪዬን የጠላሽው መስሎኝ!" ብለው ሳቁና ጥለቱን ወደ ውስጥ አጥፈው በመርፌ ቁልፍ ያዙት።

መስታወት ፊት ቆምኩ። ወርቁ ሲደበቅ ልብሱ ተራ ጨርቅ መሰለ። ሸማኔው ከሁሉ በላይ የደከመው እዚያ ጥለት ላይ ነበር።

"ይመለስ፣ አንቲ። የእናንተ ሰርግ ነው፤ በእናንተ ወግ ልልበሰው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

መርፌ ቁልፉን ራሴ ፈታሁት። እሳቸውም ጥለቱን አንገቴ ሥር አስተካክለው ሊፍቱን ሊጠሩ ወጡ።