በየሃያ ኪሎ ሜትሩ

ያ ክረምት ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ ሰው ሁሉ ከአንድ ሻይ ጋር ግማሽ ቀን የሚቀመጥበት ነበር። ሻይ ሻጯ ሽማግሌውን የምታስታውሳቸው ከዚያ ነው፤ ክርኑ የተጣፈ ካፖርት ለብሰው፣ ሁለት የሞተር ሄልሜት ይዘው ይገባሉ። ካርታ ዘርግተው፣ ከድልድዩ ጀምሮ በተራራው መንገድ ላይ በየሃያ ኪሎ ሜትሩ በእርሳስ ክብ ይሠራሉ።

«ኧረ አባባ፣ እንዲህ እየቆሙ መቼ ሊደርሱ ነው?» አለቻቸው።

«የባለቤቴ ጉልበት ይደነዝዛል፤ ወርዳ ትንሽ ትራመድ ብዬ ነው፣ ልጄ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውሰደኝ ስትለኝ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ አስረጀኋት። ሐኪሙ ከፈቀደላት ዘንድሮ አልቀርም።»

ዝናቡ ሲያባራ መምጣት ተዉ። ሻይ ሻጯ፣ ሐኪሙ ምን ብሎ ይሆን እያለች ሰነበተች። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር እንደነገራት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት ድልድዩ ጋ ነው፤ ሞተራቸውን አቁመው፣ ሄልሜት ያደረጉ አንዲት እናት ደግፈው ቀስ እያሉ ሲራመዱ።