ማንም ያልመረጠውን ጌም ከአማቴ ጋር የጨረስንበት ክረምት

ሐኪሟ «ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለም፣ ደረጃ መውጣት የለም፣ ዕቃ ማንሳት የለም» ስትለኝ የስድስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ከዚያ በፊት አንድ ፅንስ አጥቻለሁ። ስለዚህ አልተከራከርኩም። ላቦራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ የምሠራ ሰው በአንድ ቀን ሶፋ ላይ ተጋደምኩ።

በምንኖርበት የውጭ አገር ከተማ ዳር፣ ፖይንት ኩክ ያለው ቤታችን አዲስ ነው፤ ሰፈሩም አዲስ ነው። ቀን ቀን ሰው አይታይበትም። ባለቤቴ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል። ቤት የምንቀረው እኔና አማቴ ነን። አማቴ ስወልድ ሊያርሱኝ ከአዲስ አበባ የመጡ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው፤ ያጣሁትን ፅንስ ነገር ሰምተው ጊዜውን ሳይጠብቁ ቀድመው መጡ። ሠርጋችን ላይ ካየኋቸው በቀር አላውቃቸውም ነበር። ጠዋት ይጸልያሉ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ያነባሉ፣ ከዚያ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያዩኛል።

«በላሽ?»

«አዎ እማማ።»

«ሆድሽን ይቆርጥሻል?»

«ኧረ ደህና ነኝ እማማ።»

ከዚህ የዘለለ ወሬ አልነበረንም። በአምስተኛው ቀን መታገሥ ሲያቅተኝ ባለቤቴን ጋራዥ ውስጥ ካለ ካርቶን አሮጌውን የጌም ማጫወቻ አውጥቶ ቴሌቪዥኑ ላይ እንዲሰካልኝ ለመንኩት።

ማጫወቻው ውስጥ ያለውን ጌም የማውቀው በልጅነቴ ነው። አዲስ አበባ እኛ ሰፈር አንድ ጌም ቤት ነበር። ወንዶቹ ኳስና ድብድብ ይጫወቱበታል። ከሲዲዎቹ መካከል አንዱ፣ ሽፋኑ ላይ ደወል የተሸከመች ልጅ ያለችበት፣ ጽሑፉ በሙሉ ጃፓንኛ ነው። ከተማ ለከተማ እየዞሩ፣ ጓደኛ እያፈሩ፣ ከጠላት ጋር ደግሞ ተራ በተራ እየተማቱ የሚጓዙበት ረጅም ታሪክ ነው። «ይሄ የሚነበብ ነገር እንጂ ጌም አይደለም» ብለው ማንም አይነካውም ነበር። የቤቱ ባለቤት የክፍል ጓደኛዬ ወንድም ስለሆነ እሑድ ጠዋት ሰው በሌለበት ሰዓት እኔን ያስገባኛል። አንድ ፊደል ሳላውቅ የትኛው ቃል ለመምታት፣ የትኛው ለማዳን እንደሆነ በሙከራ ለየሁ። ታሪኩን ራሴ ፈጠርኩት፦ ልጅቷ እናቷን ትፈልጋለች፣ ከኋላዋ የሚከተላት ሽማግሌ ደግሞ አባቷ ነው። በረዶ የሞላበት ከተማ ደርሼ በሩ አልከፈት አለኝ። እዚያ በር ላይ ስታገል ሰፈሩ ለመንገድ ተነሣና ጌም ቤቱ ፈረሰ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ተማሪ ሆኜ እዚሁ ከተማ አስኮት ቬል የሚባል ሰፈር ክፍል ተከራይቼ ስኖር፣ የተለገሰ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያንን ሽፋን አየሁት። የዚህኛው ጽሑፍ ግን እንግሊዝኛ ነበር። ከነማጫወቻው ገዛሁት። በኋላ ሳነብ፣ በዚያው ሰሞን የወጡት ዝነኞቹ ጌሞች ጋርደውት፣ የጃፓን ጌም የሚወዱ ሰዎች እንኳ የረሱት እንደሆነ ተረዳሁ። ትምህርት፣ ሥራ፣ ትዳር ሲደራረብ አንድ ቀን እንኳ ሳልከፍተው በካርቶን ውስጥ ኖረ።

ያን ዕለት ከፈትኩት። አማቴ መነጽራቸውን አደረጉና ተጠጉ።

«ምን ይላሉ ሰዎቹ?»

የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ተረጎምኩላቸው፤ ከዚያ ሁለተኛዋን። የልጅቷ አባት ደወል ሠሪ ነው፤ የአገሩ ደወሎች በሙሉ በአንድ ጠዋት ድምፃቸው ጠፋ፤ እሷም ምክንያቱን ፍለጋ ወጣች። እናቷ በታሪኩ ውስጥ የለችም። አባቷ ነው እያልኩ ስንት እሑድ ያዘንኩለት ሽማግሌ ለካ ሊያስራት የተላከ ወታደር ኖሯል። ሣቄ መጣ፤ ለአማቴም ምን እንዳሳቀኝ ነገርኳቸው። እሳቸውም ሣቁ። አብረን ስንሥቅ የመጀመሪያችን ነበር።

«ይሄን ሽማግሌ እንዳታምኚው» አሉ ወዲያው።

እሳት የምትጠራ ሴት ስትመጣ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ይቺ ጠንቋይ ናት?»

«ጨዋታ ነው እኮ እማማ።»

«ጨዋታ መሆኑንማ አያለሁ። ክፉ ናት ወይ ነው የምልሽ።»

«አይደለችም። የቆሰሉትን ታክማለች።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ቀጥዪ።»

በማግስቱ ደብተርና ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ቀረቡ። በየትኛው ከተማ ማን እንዳለ፣ ምን እንደቸገረው ይጽፉ ጀመር። እኔ ወደሚቀጥለው ፍልሚያ መሮጥ እወዳለሁ፤ እሳቸው ግን በየመንደሩ ያለውን ሰው ሁሉ ሳላነጋግር አያሳልፉኝም። «ሰው ቆሞ እያየሽ ዝም ብለሽ ታልፊያለሽ? ነውር ነው» ይላሉ፤ እኔም እመለሳለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ያ የበረዶ ከተማ ደረስን። በሩ እንደ ድሮው ተዘግቷል፤ አሁን ግን የዘበኛውን ንግግር ማንበብ እችላለሁ። «እኔን የሚያስታውስ ሰው የለም፤ እኔም ለማንም አልከፍትም» ይላል። መታሁት፣ ለመንኩት፣ በዙሪያው ዞርኩ። አራት ቀን ሄደ። ስልኬን አውጥቼ መልሱን ልፈልግ ስል አማቴ እጄን ያዙኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሰው የጻፈው መልስ ይኖራል እማማ።»

«ከጓደኛ ደብተር መገልበጥ ማለት ነው። ስልኩን አስቀምጪው።»

ከዚያ የራሳቸውን ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ሁለተኛው ከተማ ላይ ቆሙ። «የውሃ ጉድጓዱ ሴትዮ» አሉ። «ልጇ ወደ ብርድ አገር ለዘበኝነት ሄዶ ወሬው ጠፍቶባታል። ‹ካገኛችሁት በሕይወት አለች በሉት› ብላን ነበር እኮ። እኛ ግን ጥለናት ሄድን።»

ያን ሁሉ መንገድ ወደ ኋላ ተመለስን። ሴትዮዋን ስናነጋግራት በእጇ የሠራችውን ሻርፕ ሰጠችን። ይዘን ሄደን ለዘበኛው ስንሰጠው ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ በሩ ተከፈተ። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ የተዘጋብኝ በር ነው። ሳላስበው ተነሥቼ እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ።

«ተቀመጪ። ሐኪሟ ምን አለች?» አሉኝ፤ እሳቸው ግን ቆመው ነበር።

በበረዶው ከተማ ውስጥ ታሪኩ ከበደ። ከልጅቷ ጓደኞች አንዷ፣ ከሁሉም ትንሿ፣ ሞተች። ተርጉሜ ስጨርስ ጆይስቲኩን አስቀመጥኩ። አማቴ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔም ከባልሽ በፊት አንድ አጥቻለሁ» አሉ። «ሴት ነበረች። ለእሱ ነግሬው አላውቅም።»

ስለራሴ ያን ቀን አወራሁ። ስለ ሆስፒታሉ፣ ከዚያ ወደ ቤት ስለተመለስንበት መንገድ፣ ለባለቤቴ እንኳ አፍ አውጥቼ ስላልነገርኩት ፍርሃት። እሳቸው እጄን ይዘው ሰሙኝ። ጆይስቲኩ በመካከላችን ተቀምጦ ነበር፤ ጌሙ ተራችንን እየጠበቀ ቆመ።

አንድ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ሦስት እህቶች ከሜድስቶን ሰፈር ሊጸልዩልኝ መጡ። እኔ መታጠቢያ ቤት ነበርኩ። በሩን ባለቤቴ ከፈተላቸው፤ ሲገቡ አማቴ ጆይስቲክ ይዘው ደወል የተሸከመችውን ልጅ ድልድይ ያሻግራሉ።

«እትዬ፣ እርስዎም ጌም ይጫወታሉ?» አለች አንዷ።

«እኔ አልጫወትም። እሷ እስክትመጣ መንገድ እያስኬድኩላት ነው።»

ስመለስ ታሪኩን ከመጀመሪያው እየተረኩላቸው ነበር፤ ስለ ደወሉ፣ ስለ ጉድጓዱ ሴትዮ፣ ስለ ሻርፑ። ሴቶቹ ጸለዩልኝ። ጸሎቱ ሲያበቃ ሁለቱ ኮታቸውን ለበሱ፤ ሦስተኛዋ ግን «ከዚያስ ዘበኛው ምን ሆነ?» ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

የመጨረሻው ጠላት ዘንድ የደረስነው ዘጠነኛ ወር ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። የአገሩን ድምፅ ሁሉ የዋጠ ግዙፍ ፍጥረት ነበር። አምስት ጊዜ አሸነፈን። በጣም ጠንካሮቹን አሰልፌ ገባሁ፤ እሳቱንም መድኃኒቱንም ጨረስኩ፤ በሦስተኛው ምት ሁላችንም እንወድቃለን። ስድስተኛው ላይ ደከመኝና ጆይስቲኩን አስቀመጥኩ።

አማቴ ደብተሩን ዘጉ። «ያንን ሽማግሌ ወታደር አምጪው።»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ እንዳታምኚው ያሉኝ?»

«አዎ፣ ብያለሁ። ግን ድልድዩ ላይ ከእኛ ጋር ከተቀላቀለ ወዲህ ሥራውን አይቻለሁ። ሌላው ሲመታ ከፊት ይቆማል። እሱን ከፊት አድርገሽ ልጅቷን ከኋላ አቁሚያት።»

እውነታቸውን ነው። ሽማግሌው ራሱ ብዙም አይመታም፤ ሙያው ለሌላው የተላከውን ምት መቀበል ነው፤ እኔ ደግሞ ደካማ ነው ብዬ ወደ ጎን ትቼው ነበር። አስገባሁት። ሦስተኛው ምት መጣ፤ ሽማግሌው ብቻውን ተቀበለውና አልወደቀም። የእሳቷ ሴት አከመችው። አማቴ ከአጠገቤ ሆነው «አሁን ማን ነው ተረኛ? እሷ? ምታው በያት» እያሉ ያዛሉ፤ እኔ እጫናለሁ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ስክሪኑ ላይ ስታንጸባርቅብን አማቴ ተነሥተው ነጠላቸውን ዘርግተው ከለሉልን። እንደቆሙ ልጅቷ ደወሏን አነሣች፣ የመጨረሻውን ምት መታች፤ ፍጥረቱም ተሰነጠቀ።

ድምፅ ተመለሰ። ያለፍንባቸው ከተሞች ደወሎች አንድ በአንድ መደወል ጀመሩ። አማቴ «እልል» አሉ፤ ሙሉ፣ ረጅም፣ የሠርግ እልልታ። ጎረቤታችን የአጥር በሩን ከፍቶ እስኪመለከት ድረስ። እኔ አለቀስኩ፤ ከዚያ ሣቅሁ። ባለቤቴ ያን ቀን ቀደም ብሎ ከሥራ ሲገባ እናቱና ሚስቱ ተቃቅፈው ስላገኘ ምጥ የመጣ መስሎት ለሆስፒታል ያዘጋጀነውን ቦርሳ ሊያነሣ ሮጠ።

በማግስቱ ሐኪሟ ዘንድ ቀጠሮ ነበረኝ፤ አማቴም አብረውኝ ገቡ። ለካችኝ፣ አየችኝ፣ ፅንሱ ጊዜውን ሞልቷል፣ አሁን እንደ ልብሽ መሄድ ትችያለሽ አለችኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ያን ሁሉ ሳምንት ተጋድሜ እንዴት እንደቻልኩት ጠየቀችኝ።

«ምን አለችሽ?» አሉ አማቴ።

ነገርኳቸው። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካክለው ቀና ብለው ተቀመጡ።

«አሸንፈናል በያት» አሉ።

እንዳሉት ነገርኳት። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ልጃችን ተወለደች፤ አማቴ ምጡን በሙሉ ከራስጌዬ ቆመው አዋለዱኝ ማለት ይቻላል፤ አዋላጇ እስክትስቅ ድረስ «አሁን፣ በርቺ፣ አሁን» እያሉ። ሕፃኗ ስትወጣ ያወጣችው ጩኸት ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። እኔ እዚያ አልጋ ላይ ተኝቼ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።